የእህቴን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ከጅዳ ያስመጣንበት መንገድ

ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስለሄዱት፣ ስለላኩት ገንዘብና ስለተመለሱበት ሁኔታ ብዙ ይወራል። እዚያ ስለተወለዱት ልጆች ግን የሚያነሣ የለም። ልጆቹ አድገው ፈተናና ፓስፖርት ሲመጣ ነው «የልደት ምስክር ወረቀቱ የታለ?» የሚባለው። የእህቴ ልጅም ከእነዚህ አንዷ ናት። የተወለደችው ጅዳ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ያኔ አባቷም እናቷም ኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) ስለነበራቸው ወረቀቷ በሥርዓት ወጥቶላት ነበር። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ባስወጣችበት ወቅት ቤተሰቡ ወደ ደሴ ሲመለስ ወረቀቱም አብሮ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ግን ከቤት ወጣን፤ ስንመለስ ሣጥኑ ተገልብጦ ጠበቀን። በውስጡ ከነበረው ወረቀት የተረፈ አልነበረም።

ልጅቱ ፓስፖርት ሲያስፈልጋት ጉዳዩ የእኔ ሥራ ሆነ። እህቴ ሱቋን ጥላ መንከራተት አትችልም፣ የልጅቱ አባት ኳታር ነው፣ እኔ ደግሞ አጎት ነኝ፤ በእኛ ቤት ደንብ ወረቀት የሚያሳድደው አጎት ነው።

ወረቀቱ ጠፋ ባልን ቁጥር፣ ከጎረቤት እስከ መሥሪያ ቤት፣ የሚሰጠን ምክር አንድ ዓይነት ነበር፦ «ምን ጅዳ ድረስ ያስኬዳችኋል? ደሴ ተወለደች በሉና እዚሁ አውጡላት።» አንድ ደላላማ ዋጋውን ጭምር ነገረን። ብዙው ሰው ይህን የሚመክረው በክፋት አይደለም፤ የሚያየው የዛሬውን ችግር ብቻ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው አልተስማማሁም። ለልደት ምዝገባ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በሕግ ያስቀጣል፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። የበለጠ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቱ በተቀሩት ወረቀቶች ሁሉ የጅዳ ልጅ ናት። ወደ አገር የገባችበት ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) ጅዳ ይላል፣ የክትባት ካርዷ ጅዳ ይላል፣ አባቷ ሳዑዲ ሳለ የሞላው የቤተሰብ መረጃም ጅዳ ይላል። ነገ አባቷ ቤተሰቤን ልውሰድ ቢል፣ ወይም እርሷ ራሷ አድጋ ለትምህርት ቪዛ ብትጠይቅ፣ ሁለት የትውልድ ቦታ ያላት ሰው ሆና ትቀርባለች። ያን ጊዜ ቀርቦ የሚያስረዳላት ደላላ አይገኝም።

በነገራችን ላይ ብዙ ወላጆች የትውልድ ቦታውን ወደ መደበቅ የሚሄዱት «ልጄ ኢትዮጵያዊት አይደለችም ትባልብኛለች» ብለው በመፍራት ነው። ይህን ፍርሃት ተዉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ይህንኑ ነው የሚለው። ጅዳ መወለድ ሳዑዲ አያደርግም፣ ኢትዮጵያዊነትንም አይፍቅም። ከሚጻፈው የውሸት ደሴ ይልቅ እውነተኛው ጅዳ ለልጅ ይሻላል።

ወደ ሥራው ስንገባ መጀመሪያ መለየት የነበረብን የትኛው ወረቀት እንደሚፈለግ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ሆስፒታሉ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ነው። እርሱን ይዞ የሲቪል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ሲኬድ ነው ዋናው የልደት ምስክር ወረቀት የሚወጣው። ይህን መሥሪያ ቤት እዚያ የኖሩት አሕዋል ይሉታል። የውጭ ዜጎች ልጆችም የሚመዘገቡት እዚያው ሲሆን የወላጆች ኢቃማና የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል። ብዙ ተመላሽ እናቶች «የልደት ወረቀት አለኝ» ብለው የሚያሳዩት የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ነው። ማሳወቂያው ትልቅ ማስረጃ ነው፣ እንዳትጥሉት፤ ብቻውን ግን ምስክር ወረቀት አይሆንም። ስለዚህ እናትየዋን በደንብ ጠይቁ፦ አባትየው ከሆስፒታሉ በኋላ አሕዋል ሄዶ ነበር ወይስ አልሄደም? ሄዶ ከነበረ መዝገቡ እዚያ አለ፤ የምትጠይቁት ለጠፋው ምትክ እንዲሰጣችሁ ነው። አልሄደም ከተባለ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

መዝገብ አለ ማለት ተገኘ ማለት አይደለም። ጅዳ ትልቅ ከተማ ናት፤ በስም ብቻ ልፈልግ ብትሉ ስንት ፋጡማ መሐመድ እንዳለች አስቡት። የሚያስፈልገው ቁጥር ነው፦ የአባት የኢቃማ ቁጥር፣ የእናት የኢቃማ ቁጥር፣ የሆስፒታሉ ስምና የእናትየዋ የሕክምና ፋይል ቁጥር። አባቷ የኢቃማውን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ እንዲያውም ዓረብ አገር የኖረ ሰው የልጁን ልደት ረስቶ የኢቃማ ቁጥሩን አይረሳም። የሆስፒታሉን ፋይል ቁጥር ግን ማንም አያስታውስም ነበር። ያዳነን መዋዕለ ሕፃናቱ ነው። ልጅቱ ስትመዘገብ እህቴ የክትባት ካርዷን ፎቶ ኮፒ ሰጥታ ስለነበር ቅጂው ከማኅደሯ ተገኘ፤ የሆስፒታሉ ስም፣ የፋይሉ ቁጥርና የተወለደችበት ቀን በዓረብኛ ተጽፎበታል። ወረቀት የጠፋባችሁ ሁሉ መጀመሪያ ቤታችሁን ሳይሆን ቅጂ የሰጣችኋቸውን ቦታዎች ፈልጉ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ብድር የተወሰደበት ተቋም፣ ዕርዳታ የተሰጠበት መዝገብ ሁሉ ሊኖረው ይችላል። ዓረብ አገር ያሉ ዘመዶች ስልክ ላይም በኢሞ የተላከ አሮጌ ፎቶ ተቀምጦ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ውክልና ነው። እናትየዋ ጅዳ መሄድ ስለማትችል ስለ እርሷ የሚያመለክት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የጸና ኢቃማ ያለው መሆን አለበት፤ ራሱ ተደብቆ የሚኖርን ሰው መሥሪያ ቤት ላኩት ማለት እርሱን ማስያዝ ነው። እኛ ያገኘናቸው ብዙ ዓመት ጅዳ የኖሩ የሐይቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ዝምድናው ሩቅ ቢሆንም በእኛ አገር ሐይቅና ደሴ ምን ይራራቃሉ? እህቴ በስልክ ስታለቅስባቸው «አብሽሪ ልጄ፣ መዝገብ አይጠፋም፤ ወረቀቱን ብቻ አስተካክላችሁ ላኩልኝ» አሏት።

ያ «አስተካክላችሁ» የሚለው ቃል ሥራ አለበት። ውክልናውን ያደረግነው አዲስ አበባ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ማኅተሞች በሙሉ አዲስ አበባ ስለሆኑ ይህ ይቀላል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በከሚሴና በደብረ ሲና ተወርዶና ተወጥቶ የሚደረስበትን መንገድ ለአንድ ፊርማ ሁለት ጊዜ መመላለስ አይገባም። ውክልናው ውስጥ የሚጻፈው ነገር ዝርዝር መሆን አለበት። «ጉዳዬን እንዲጨርሱልኝ» የሚል ጥቅል ቃል እዚያ አገር አይሠራም። ከሆስፒታል ማስረጃ እንዲጠይቁ፣ በሲቪል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ለጠፋው የልደት ምስክር ወረቀት ምትክ እንዲያመለክቱና እንዲቀበሉ፣ በሳዑዲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኢትዮጵያ ቆንስላ እንዲያረጋግጡ፣ ሰነዱን ወደ ኢትዮጵያ እንዲልኩ የሚሉት አንድ በአንድ ይግቡ። የልጅቱ ስም፣ የትውልድ ቀኗና የሆስፒታሉ ስምም ይጻፍ። ከዚያ ሰነዱ ወደ ዓረብኛ ይተረጎማል፣ የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የሳዑዲ ኤምባሲ ማኅተም ያደርግበታል። ጅዳ ሲደርስም ተወካዩ በዚያው አገር ውጭ ጉዳይ ያስመሰክረዋል። በመልእክት ድርጅት ስትልኩት ዋናውን ላኩ፤ ከመላካችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን ገጽ ጀርባውን ጨምሮ ፎቶ አንሡ፤ ማኅተሙ ብዙ ጊዜ ያለው ጀርባው ላይ ነው።

ጅዳ ውስጥ የሆነውን ከጋሼ አንደበት ነው የማውቀው። አሕዋል የሚሠራው አስቀድሞ በተያዘ ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮውም የሚያዘው አብሽር በተባለው የአገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ባለጉዳዩ ኢትዮጵያ፣ መዝገቡ የቆየ፣ አባትየው ከአገር የወጣ መሆኑ ሲታይ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየላካቸው ቆየ። አንድ ሠራተኛ አባትየው ራሱ ካልቀረበ አይሆንም ብሏቸው ነበር። እርሳቸው አልተጨቃጨቁም፤ ተመልሰው ሆስፒታሉን የፋይሉን ቁጥር ይዘው ጠየቁና በሆስፒታሉ ደብዳቤ ተደግፈው እንደገና ቀረቡ። ያ ደብዳቤ ነገሩን ለወጠው፤ የልደት ማሳወቂያው ቁጥር ስለተጻፈበት መዝገቡ በስም ሳይሆን በቁጥር ተገኘ። ለዚህ ነው የፋይል ቁጥሩን ሳትይዙ ሰው አታስቸግሩ የምለው። ወራት ፈጅቷል። በየሳምንቱ እየደወላችሁ ተወካያችሁን አታሰልቹ፤ ሰውየው ከእንጀራው ቀንሶ ነው የሚመላለስላችሁ። የትራንስፖርትና የማኅተም ወጪያቸውን ግን ሳይጠይቁ ላኩላቸው፤ ሐይቅ ያሉት እናታቸውንም እህቴ ሄዳ ጠይቃለች፣ እርሱ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ አስደስቷቸዋል።

ወረቀቱ ወጣ ማለት እንግዲህ ጉዞው እኩሌታ ላይ ደረሰ ማለት ነው። አንድ የውጭ ሰነድ እኛ አገር የሚታመነው ማኅተሞቹ በተራቸው ከተቀመጡበት ነው፤ አቦል ሳይጠጣ በረካ አይቀዳም። መጀመሪያ የሳዑዲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የአሕዋልን ፊርማ ያረጋግጣል። ቀጥሎ ጅዳ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት የሳዑዲን ውጭ ጉዳይ ማኅተም ያረጋግጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላውን ያረጋግጣል። እያንዳንዱ የሚመሰክረው ከእርሱ በፊት ላለው ፊርማ ነው እንጂ ልጅቱ መቼና የት እንደተወለደች አይደለም። ስለዚህ አንዱን ዘልሎ መምጣት አይቻልም፤ የዘለለ ሰው ወረቀቱን ወደ ጅዳ መልሶ ለመላክ ይገደዳል። የአንዳንድ አገር ሰዎች «አፖስቲል» የሚባል አንድ ማኅተም ብቻ ይበቃል ሲሉ ትሰሙ ይሆናል፤ እርሱ የሚሠራው ሰነዱ የወጣበትም የሚቀርብበትም አገር የስምምነቱ አባል ሲሆኑ ነው። እኛ የሄድነው በረጅሙ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ትርጉሙ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የወሎ ስሞች ዓረብኛ ውስጥ ገብተው ሲመለሱ መልካቸው ይለወጣል። የልጅቱ አያት እንድሪስ ናቸው። ዓረብኛው እንድሪስ አይልም፣ ኢድሪስ ነው የሚለው። አዲስ አበባ ያለው ተርጓሚ ከወረቀቱ ላይ እንዳየው «ኢድሪስ» ብሎ ጻፈ፤ በሥራው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የአባቷ መታወቂያ «እንድሪስ» ስለሚል በወረቀት ላይ የአባቷ አባትና የእርሷ አያት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ነው። ከድጃና ኸዲጃ፣ ሰይድና ሰዒድ፣ መሐመድና ሙሐመድ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፉማ ይብሳል፤ አንዱ ሰይድ በአባት ፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በሳዑዲ ወረቀት ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ለተርጓሚው የአባትንና የእናትን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ቅጂ አብራችሁ ስጡት፤ ስሞቹ በእነዚያ ላይ ባሉበት አጻጻፍ እንዲጻፉ ጠይቁት። ሕጋዊ ተርጓሚ ይህን ያውቃል፤ የስም አጻጻፍ ነው እንጂ ትርጉም መቀየር አይደለም። እኛ ትርጉሙ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ ከመታተሙ በፊት ስላየነው ተስተካከለ። ከታተመ በኋላ ቢሆን አዲስ ክፍያና አዲስ ወረፋ ነበር።

ሌላው ቀን ነው። እህቴ ልጇን የወለደችው የረመዳን የመጀመሪያው ቀን እንደሆነ ታስታውሳለች፤ ወረቀቱም 1433 ዓመተ ሂጅራ፣ ዘጠነኛው ወር፣ አንደኛው ቀን ይላል። ይህ በፈረንጆቹ ጁላይ 20 ቀን 2012፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሐምሌ 13 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ተርጓሚው 2012 ብሎ ሲጽፍ እ.ኤ.አ. የሚለውን አልጨመረበትም ነበር። አስቡት፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ደሴ ውስጥ ሲቀርብ 2012 የሚነበበው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ልጅቱም በስምንት ዓመት ታንሳለች። ትርጉሙ ላይ ሦስቱም አቆጣጠሮች እንዲሰፍሩ፣ እያንዳንዱም ስሙ እንዲጻፍበት አድርጉ። የሂጅራውን ቀን ራሳችሁ በስሌት አትለውጡ። የሂጅራ ዓመት ከፈረንጆቹ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ዓመት ቀንሶ ብቻ ማስላት አያዋጣም፤ ጨረቃ የታየችበት ቀን ከአገር አገር ስለሚለያይም የአንድ ቀን ልዩነት ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የፈረንጆቹ ቀን ካለ እርሱን መነሻ አድርጉ። ከዚያ በፊት ለልጁ ትምህርት ቤት የተመዘገበውን ቀን ከዚህ ጋር አስተያዩ። ወላጅ በግምት የሰጠው ቀን ከሆነ ከ8ኛ ክፍል ፈተና በፊት ይስተካከል፤ ከፈተናው በኋላ የሚደረገው ማስተካከያ ብዙ እጥፍ ያደክማል።

ፓስፖርቱ ላይ የነበረው ሥራ ከዚህ ወዲያ ቀላል ነው። የተረጋገጠው ዋናው ሰነድ፣ ትርጉሙ፣ የወላጆቿ መታወቂያና የጋብቻ ወረቀት አንድ ላይ ቀረቡ፤ በትውልድ ቦታዋ ጅዳ መሆን ማንም ጥያቄ አላነሣም። የየማኅተሙን ክፍያ እዚህ አልጽፍም፤ ይለዋወጣልና የተነበበው ዋጋ ሰው ያሳስታል። በጀታችሁ ውስጥ ትልቁ ግን ማኅተሙ ሳይሆን የመልእክት መላኪያና የአዲስ አበባ ማደሪያ መሆኑን ዕወቁት።

አሁን ዓረብ አገር ሆናችሁ ልጅ ለወለዳችሁ፣ ወይም እዚያ እህት ላላችሁ፦ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ የልጁን ልደት በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ማስመዝገብ ይችላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ የእኛዋ ልጅ ስትወለድ ይህ አልነበረም። ዛሬ ግን አለ፤ የልደት ማስመዝገቢያው ጊዜ 90 ቀን ነው። የአሕዋሉን ወረቀት ባወጣችሁበት ሰሞን ቆንስላውም ጋ ሂዱ።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት አሕዋል ሳይሄዱ የቀሩትን፣ በተለይም ኢቃማ ሳይኖራቸው የወለዱትን እናቶች ጉዳይ ነው። ለእነዚህ አሕዋል ውስጥ መዝገብ ላይኖር ይችላል፤ ለጠፋ ወረቀት ምትክ ጠይቁልኝ ብሎ ውክልና መላክም ገንዘብ ማባከን ነው። እጃቸው ላይ ያለውን ይሰብስቡ፦ የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ወይም ከሆስፒታሉ የሚገኝ ደብዳቤ፣ የልጁ ስም ያለበትን ሊሴ ፓሴ፣ የክትባት ካርዱን፣ የተመለሱበትን ቀን የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት። ሆስፒታሉን በተመለከተ ውክልናው እንደ እኛው ነው የሚሠራው፤ ከአሕዋል ይልቅ ለሆስፒታሉ ብቻ ተብሎ ይጻፍ። እነዚህን ይዘው ወደ ቀበሌያቸው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የልጁን የትውልድ ቦታ በእውነተኛው ስሙ ተናግረው ያስመዝግቡ። መዝጋቢው አልችልም ካለ እንቢታውን በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ሲያመለክቱ ከምስክሮቹ ጋር የሚያያዘው እርሱ ነው።